ሆን ተብሎ ነው

ክረምቱ ላይ ቡታጅራ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። የዘቢዳር ተራራ ጉም ለብሷል፤ ዝናቡ ባጃጆቹን ሁሉ ከመንገድ አባሯል። የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን አመጣና «ጋሼ፣ ይቺን ጌም ይሞክሯት፤ የእርስዎን ዘመን ነው የምትመስለው» አለኝ። «እርስዎ» መባልን ገና ስላልለመድኩት ጌሙ ሳይጀመር አንድ ነፍስ ተቀነሰብኝ።

የእኔ ዘመን ያለው የማሪዮን ነው። እዚሁ ቡታጅራ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሃምሳ ሳንቲማችንን ጨብጠን ተራ እየጠበቅን የተጫወትነውን። ካሴቱ እንቢ ሲል ነቅለን እፍ እንልበታለን፤ ትንፋሻችን ምን እንደሚያድን የሚያውቅ ባይኖርም አንዳንዴ ይነሣል።

«ሱፐር ማሪዮ ብሮስ» እ.ኤ.አ. በ1985 ሲወጣ ጠቅላላ 40 ኪሎባይት ነበር። ዛሬ በቴሌግራም የምንላላከው አንድ የሠርግ ፎቶ ይበልጠዋል። ሠሪዎቹን ብልሃት ያስተማራቸው ችግር ነው። ደመናውና ቁጥቋጦው ቀለሙ ብቻ የተቀየረ አንድ ሥዕል ነው፤ የታላቅ ወንድም ኮት ተገልብጦ ተሰፍቶ ለታናሽ እንደሚደርሰው። የማሪዮ ሪዝም የበቀለው በጥቂት ነጥብ አፍ መሣል ስላስቸገረ ነው። ጌሙን የሚያጫውተው ማሽን ደግሞ በአንድ አግድም መስመር ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ቁራጭ ሥዕል አይችልም፤ ስለዚህ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ትራፊክ ሲታይ ጎንበስ ቀና እንደሚሉ የሚኒባስ ትርፍ ተሳፋሪዎች።

አዲሲቱ ጌም ስሟ ይቆየን። ሠሪዋ አንድ ሰው ነው አሉ፣ ብቻውን። ላፕቶፑ የማሪዮን ዘመን ማሽን ሺህ ጊዜ ይሸከማል፤ እሷ ግን ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ላፕቶፕህ ታሟል እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ሆን ተብሎ ነው።»

የሚዘለው ፍጡር ቀበሮ ይሁን ድመት እስካሁን አልለየሁም። ሆን ተብሎ ነው። ጽሑፉ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ሆን ተብሎ ነው። ሙዚቃው አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ተመልሶ ስለሚጀምር በሁለተኛው ቀን እህቴ ቆጮ እየጋገረች ታንጎራጉረው ጀመር። እሱስ ሆን ተብሎ አይመስለኝም። ለምን እንደሚሮጥም አልተነገረኝም። የአገራችን ቅኔ ጌምስ በሠራው «ኩኩሉ» ላይ ከገበሬ የምትሸሽ ዶሮ አለች፤ ዶሮ ለምን እንደምትሮጥ የበዓል ዋዜማ ያየ ሁሉ ይገባዋል። የኔው ቀበሮ ወይም ድመት የሚሮጠው በባዶ ሜዳ ነው።

ዋናው በደል ግን ዝላዩ ላይ ነው። ገደሉ ጫፍ ደርሶ ዝለል ስለው ሐሳብ እንደገባው ሰው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው አንድ ብሎ ነው። የሰው ጣት እኮ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። ይህን የተረዱ ሠሪዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣችው የ«ሴሌስት»፣ ጀግናው ጫፉን ካለፈ በኋላም ለሰከንድ ሽራፊ መዝለል ይፈቅዱለታል። «ካዮቲ ታይም» ይሉታል፤ በካርቱን ፊልም ገደሉን አልፎ አየር ላይ ለአፍታ ቆሞ በሚቀረው አውሬ ስም። ተጫዋቹ እንደታዘኑለት ሳያውቅ ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። የኛይቱ ይህን ያህል ይሉኝታ አልፈጠረባትም።

«ሸቭል ናይት» የሚባል እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጌም አለ፣ አካፋ የታጠቀ ፈረሰኛ በእግሩ የሚሮጥበት። ሠሪዎቹ የድሮውን መልክ ወሰዱና ብልጭ ድርግሙን ተዉት። እንሰት የምትፍቅ ሴት ቃጫውን ለብቻ፣ ቆጮ የሚሆነውን ለብቻ እንደምታደርገው ማለት ነው። የኛው ጌም ሠሪ ግን ቃጫውንም ጋግሮ አበላን። ይህንኑ ለልጁ ስነግረው በትዕግሥት ሰማኝና «ጋሼ፣ ስለከበዳችሁ ነው» አለ። በንዴቱ «እርስዎ» እንኳ ወደ «እናንተ» ተሸጋገረ።

ማታ እህቴ ክትፎ አቀረበች። ልጁ ሳህኑን አየና «እማዬ፣ አይቡ ምነው አነሰ?» አለ።

«ሆን ተብሎ ነው» አለች ሳትስቅ።

በነጋታው ዝናቡ ሲያባራ ሐረ ሸይጣንን ልናይ ወጣን፤ ከከተማው ራቅ ብሎ፣ በስልጤ በኩል፣ እሳተ ገሞራ በቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ሐይቅ። ከአፋፉ የተወረወረ ድንጋይ ውሃው ጋ አይደርስም፣ ሰይጣኑ ይቀልበዋል ይባላል። ከላይ ሲያዩት ግን እዚህ ጋ ነው፤ ምራቅ የሚደርስ ይመስላል። ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ ወረወረ። ድንጋዩ ወጣ፣ ጎበጠ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

«ሆን ተብሎ ነው» አልኩት።

አልመለሰልኝም። ሁለተኛውን አነሣ፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ወደ ኋላ ሄዶ ተንደርድሮ እየመጣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ሸሚዙን ይዤ አስቆምኩት።

«አንዴ ብቻ ልድገም ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ!»

«ስንት ነፍስ አለህ?» አልኩት።