መስኮቱን ክፈቱላት!

«ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል!» ትላላችሁ። ሹራብ ደርቡ! እናንተ የምትደርቡት ሞልቷችኋል፤ በማረጥ ላይ ያለች ባልደረባችሁ ግን በቢሮ መካከል ምኗን ታውልቅ? ከደረቷ ተነስቶ አንገቷንና ፊቷን የሚያጥለቀልቃት ወበቅ የአየሩ አይደለም። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ ሙቀትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ሳይሞቅ ሞቀ ብሎ ላብ ያዘንባታል። በጥቂት ደቂቃ ያልፍላታል፤ እስኪያልፍላት ታገሧት።

«ድሮ ሳቂታ ነበረች፣ አሁን ጸባይዋ ተበላሸ።» አንሶላዋን በላብ አርሳ፣ ሌሊት ተነስታ ልብስ ቀይራ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፈርማ የገባች ሴት ናት። እናንተ የጎረቤት ሠርግ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ቢነሳችሁ በማግስቱ ማን ደፍሮ ያናግራችኋል? እሷ ይህን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ተሸክማዋለች። ስብሰባ ላይ ቃል ሲጠፋባት እየተጠቃቀሳችሁ የምትስቁ፣ ነውሩ የእናንተ ነው። ጸባይዋን ተዉትና እንቅልፏን ጠይቁ።

«ሽንት ቤት አበዛች» ይላል አለቃ። የወር አበባ ሊቆም ሲል ወር ይዘላል፣ ሲመጣም አንዳንዴ እንደ ጎርፍ ነው። ጌታዬ፣ ደቂቃዋን ከሚቆጥሩ የሽንት ቤቱን ውሃ ያስመጡ። ሳሙናም ይጨምሩበት።

«አርጣለች፣ ከእንግዲህ ምን ትሠራለች?» ምላስ አይቆረጥም እንጂ! የቆመው የወር አበባዋ ነው፤ እጇም ጭንቅላቷም ሥራ ላይ ናቸው። ማረጥ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል፣ ጡረታ 60 ላይ ነው። ፋይል የጠፋ ቀን የምትጠሩት እሷኑ አይደል?

«ሕጉ አያውቀውም።» እውነት ነው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወሊድ 120 ቀን ሲሰጥ ማረጥን በስሙ አይጠራም። የሕመም ፈቃድ ግን ይሰጣል። ሥራ እንዳትሠራ ሐኪም የጻፈላትን ሴት «ይሄም በሽታ ሆነ?» ብሎ የሚመልስ የሰው ሀብት ክፍል ያነበበው አዋጁን ሳይሆን ሐሜቱን ነው።

የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች፣ እናንተም አትሸሹ። የኅብረት ስምምነቱ ሲታደስ የዩኒፎርሙን ጨርቅ፣ የፈረቃውን ሰዓት፣ የእረፍት ደቂቃውን አንሱ። «ሴቶቹ አልጠየቁንም» አትበሉ። ናይለን ካፖርት ለብሳ ማሽን ፊት የምትቆመው እናት ለመናገር ታፍራለች። እናንተን የመረጠቻችሁ እንድትናገሩላት ነው።