ቅርጫት ውስጥ ያለ ውል

ኮምፒውተር ተንቀረፈፈ ሲባል ሰፈራችን የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት። ምኑን እንዳመመው የሚጠይቅ የለም። ቤት ቆሸሸ ተብሎ ቤት ሲፈርስ አላየሁም፤ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን ሁሉም አፍራሽ ነው።

ይህን ክርክሬን የሰሙ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን «እስቲ ና እየው ልጄ፤ ሳበራው የጣድኩት ቡና ቶናው ደርሶ እንኳ ያቺ ክብ ገና ትዞራለች» አሉኝ። ሄድኩ። ዊንዶውስ 7 ነው፤ ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ መስመሩ ቀልቷል።

ዲስክ ክሊንአፕ ከፍቼ ጊዜያዊ ፋይሎቹን መረጥኩ። ሪሳይክል ቢን ላይ ስደርስ እትዬ ጮኹ።

«ቅርጫቷን እንዳትነካ! የሰው ውል አለባት!»

«ቅርጫት ውስጥ?»

«ታዲያ የት ላድርገው? ዴስክቶፑ ሞላ። ዲሊት ስለው ይገባል፤ ስፈልገው ሪስቶር እለዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ከማውቃቸው አንዳንድ መዝገብ ቤቶች ይሻላል። ችግሩ፣ ቅርጫቷ የተመደበላት ቦታ ሲሞላ አሮጌ አሮጌውን ራሷ እያወጣች ትደፋለች። ይህን ስነግራቸው እትዬ ክው አሉ፤ ለካ የጠፋውን የደንበኛ ሲቪ ሁሉ በቫይረስ ሲያሳብቡ ኖረዋል።

ውሉን፣ ሲቪውን፣ የዕቁቡን ዝርዝር ወደ ዲ አሻግረን ቅርጫቷን ደፋናት። ቀጥሎ ዲፍራግ። የሞላ ዲስክ ላይ አንድ ፋይል ክፍት ባገኘበት ሁሉ ተቆራርጦ ይቀመጣል፤ ሲከፈት የዲስኩ ክንድ ከዚህ እዚያ እየዘለለ ቁርጥራጩን ሲለቅም ጊዜው ይሄዳል። ዲፍራግ ቁርጥራጩን አንድ ቦታ ይሰበስባል። ዊንዶውስ 7 ይህን ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በራሱ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የሚመጣው። እትዬ ግን ማታ ቆጣሪ አጥፍተው ነው የሚገቡት፤ ቀን ደግሞ ማሽኑ ፋታ የለውም።

ፐርሰንቱ ሲንፏቀቅ ወረፋው በሩን አልፎ ወጣ። አንዱ «ፎርማት አርጉትና እንገላገል» አለ። እትዬ «ያንተም ውል አብሮ ይሂድ?» ሲሉት ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሲያልቅ ማሽኑ ነፍስ ዘራ፤ ወጣት ግን አልሆነም። «ሲመቸዎት ኤስኤስዲ ያስገቡለት» አልኳቸው። «የሚዞር ነገር የለው፣ የሚዘል ክንድ የለው፤ ዲፍራግም አይፈልግም።»

እትዬ አሰብ አደረጉና «ቅርጫትስ አለው?» አሉኝ።