እናትን በነፃ የማስታመም መዘዝ

አንዳንድ ሕግ በችኮላ ሲነበብ ጨካኝ ይመስላል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ስለ ነርስ ረዳቶች ያወጣው ሕግ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው በአረጋውያን መጦሪያዎች የታየው የአያያዝ ጉድለት አሳፋሪ ስለነበር ነው። ረዳቷ ቢያንስ 75 ሰዓት እንድትሠለጥን፣ በየዓመቱም 12 ሰዓት የሥራ ላይ ትምህርት እንድታገኝ ያዛል። እስከዚህ የሚከራከር የለም። ቅሬታ የሚነሣው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፤ 24 ወር ሙሉ በገንዘብ የተከፈለበት የማስታመም ሥራ ያልሠራች፣ እንደገና ትሠልጥን ወይም ትፈተን ይላል።

አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አዲስ አበባ፣ ጎፋ የመጣች ነርስ ረዳት ልጅ እናስብ። እናቷን ስትሮክ ጥሏቸዋል፤ ቤታቸው ጎፋ ገብርኤል አካባቢ፣ ሊፍት በማያውቅ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታገላብጣለች፣ ገላ ታጥባለች፣ አጥሚት ታጠጣለች፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል ሌሊት ትነሣለች።

ምን ተከፈላት? ምርቃት። ምርቃት ደግሞ የምንዛሬ ተመን የለውም። ጠያቂ ያመጣው ሙዝና ብርቱካንም ገንዘብ አይደለም፤ ያውም ግማሹን ጠያቂው ራሱ ይበላዋል።

የሕጉን ጥበብ እዚህ ላይ ልብ ይሏል። በብዙ ስቴቶች፣ በእነዚያ 24 ወራት ውስጥ ለማታውቀው በሽተኛ 8 ሰዓት በክፍያ የሠራች ሰርተፍኬቷ አይነካም። ትክክል ነው። 8ቱ ሰዓት ፔሮል ላይ ሰፍሯል፤ የእናት ሌሊት የት ተመዘገበ? ደመወዝ የሌለው እጅ ምን ሲሠራ እንዳደረ ማን ይመሰክራል? እናትየው እንዳይመሰክሩ ተጠቃሚ ናቸው። ስለዚህ ልጅቷ ስትመለስ እጅ አስተጣጠብ ትፈተን፤ ማን ያውቃል፣ ረስታው ይሆናል።

ጥፋቱ ከተፈለገ ያለው ሳይከፍሉ በታመሙት እናት ላይ ነው። ገንዘብ አልነበረኝም እንዳይሉ፣ ልጅቷ ስንት ዓመት በሐዋላ ስትልክላቸው ኖራለች። ከዚያው ላይ ቆጥረው ለራሷ ቢከፍሏት ምን ነበረበት? ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ቢል እንኳ ለፊርማ የግራ አውራ ጣት አለ።

እናም ልጆቻችሁ አሜሪካ ያሉ የጎፋ እናቶች ሆይ፣ ሳትታመሙ በፊት የደመወዝ ውል ተፈራረሙ፤ በየወሩም ደረሰኝ ተቀበሉ። ከደመወዙ በላይ መመረቅን ሕጉ አይከለክልም።