ጾም የገደፈች ታክሲ

የታክሲዬ ኤሲ ቀን መርጦ ነው የሞተው። እሑድ፣ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.። ላስ ቬጋስ ሙቀቷ መመዝገብ ከጀመረ ወዲህ እንደዚያ ቀን ነድዳ አታውቅም፤ 120 ፋራናይት፣ በእኛ ቤት አቆጣጠር 49 ዲግሪ ሊሞላ ምንም ያልቀረው። መስኮት ብከፍት የሚገባው ወላፈን ነው። ከኋላዬ አንዲት ሩሲያዊት አሮጊት፣ ፎይል የለበሰ ሰፊ ትሪ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሄንደርሰን ከተማ ልጃቸው ቤት ለልደት ይሄዳሉ።

«ምን ይዘው ነው እማማ?» አልኳቸው፣ ሙቀቱን ላስረሳቸው ብዬ።

ፎይሉን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ኾሎዴትስ ይሉታል። የበሬ እግር ከነሸኮናው ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ይቀቀላል፤ ሥጋው ተፈልፍሎ ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል፤ ከዚያ መረቁ ተጣርቶ ይፈስበትና ፍሪጅ ውስጥ ይረጋል። ከላይ የካሮትና የእንቁላል ክብ ክቦች ተደርድረዋል። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። «የሱቅ ማርጊያ ዱቄት አልነካውም» አሉኝ፣ ኮራ ብለው።

ለነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ያደረ ቅቅል ከፍሪጅ ሲወጣ ያው ነው። እኛ እስኪንተከተክ እናሞቀዋለን፤ እነሱ ቀዝቃዛውን ቆርሰው በሰናፍጭ ይበሉታል። ከጅማትና ከቆዳ የሚወጣው ኮላጅን ሲቀቀል ጄላቲን ይሆናል፤ ሲበርድ ይረጋል፣ ሠላሳ ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን መፍታት ይጀምራል። የብርድ አገር ምግብ የሆነውም ለዚህ ነው። ቬትናሞች እንኳ ለቴት በዓል የረጋ ሥጋ የሚያዘጋጁት ብርድ ባለበት በሰሜኑ ነው፤ ሞቃታማው ደቡብ ለዚያው በዓል በኮኮናት ውሃ ሥጋውን ይቀቅላል። አስተዋዮች ናቸው። እማማ ግን የሞስኮን ክረምት ሞጃቬ በረሃ ድረስ ይዘውት መጡ።

ፍሪዌይ ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚል ሰማሁ። ቀጥሎ በሩሲያኛ የተባለው ነገር ማስተርጎም አያሻውም ነበር። በመስታወቱ ሳይ ካሮቱ እየተንሳፈፈ ነው፤ መረቁ ከትሪው ጠርዝ ወደ ቀሚሳቸው፣ ከቀሚሳቸው ወደ ወንበሬ። እኔ ደግሞ ብዙ ሰው «የቄስ ጾም» ብሎ የሚያልፈውን የሐዋርያትን ጾም ይዣለሁ፤ ሊፈታ አምስት ቀን ቀርቶታል። አፌ አልቀመሰም እንጂ አፍንጫዬና ታክሲዬ ያን ቀን ገድፈዋል።

ልጅየው በር ላይ ተቀበለንና ትሪውን አይቶ ሳቀ። «በቃ ሾርባ ነው፣ አሙቀን እንጠጣዋለን!» እናቱ ያዩት አስተያየት! እኔ በሆዴ ከልጁ ጋር ነበርኩ፤ ትሪውን አድርሼ ፈጠን ብዬ ወጣሁ።

ማታ ካውንቲው ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው ሰፈር ቡና ላይ ለጓደኞቼ ባወራላቸው አንደኛው፣ ስፕሪንግ ማውንቴን ጎዳና ቻይናታውን የማይጠፋው፣ ቀበል አደረገኝ። ቻይኖቹ የረጋውን መረቅ ከተፈጨ ሥጋ ጋር በስስ ሊጥ ይጠቀልሉታል አለ፤ በእንፋሎት ሲበስል ውስጡ ይቀልጥና በሊጥ የታሸገ ሾርባ ይሆናል። የሚበላውም ጫፉን ነክሶ መጀመሪያ መረቁን ይመጥጣል። እኔን ያቃጠለኝን ነገር ሰዎቹ ሆን ብለው ያደርጉታል!

«እና ቀምሰኸዋል?»

«አሳማ ነው አሉኝ፣ ተውኩት።»

ወንበሩን በሳሙናም፣ በኮምጣጤም አሸሁት። ኤሲው ተሠርቶ ሥራ ስጀምር ከኤርፖርት ያነሳሁት ሰውዬ ገና በሩን ሳይዘጋ አየሩን ሳብ ሳብ አደረገ። መጣብኝ ስል፣ እዚህ አካባቢ ጥሩ የሥጋ ምግብ የት እንደሚገኝ ጠየቀኝ። ዲኬተር ጎዳና ወስጄ ቅቅል ቤት አወረድኩት።