የእናቴ ፍልሰታ በሮድስ ደሴት

እናቴ ሰባ ዓመት እስኪያልፋት ድረስ ለዕረፍት ብላ ከቤቷ ወጥታ አታውቅም። ከደጇ የሚያስወጧት ለቅሶ፣ ሠርግና ንግሥ ናቸው፤ ራቅ ብላ ከሄደችም ቁልቢ ነው። ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ፍራንክፈርት ልትጠይቀን ስትመጣ፣ ልጆቿ ገንዘብ አዋጣንና ግሪክ አገር፣ ሮድስ ደሴት ላይ፣ ባሕር ዳር ያለ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ያዝንላት። አብሬያት የምሄደው እኔ ነበርኩ። የምሠራው መዋዕለ ሕፃናት ስለሆነ ፈቃድ የሚሰጠኝ ልጆቹ ሲበተኑ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት ብቻ ነው። ኦገስት ደግሞ ፍልሰታ ነው። ነገሩን ስነግራት ለአፍታ አሰበችና፣ «ጾም የትም አገር ይጾማል፤ እመቤቴ ባሕር ዳርም ትሰማለች» አለችኝ።

ስንቋን ራሷ አሰናዳች። ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ ሁሉ ሻንጣዋ ውስጥ ገባ፤ ከላይ ነጠላዋ ታጥፎ ተቀመጠ። ውሃ እስካለ ድረስ በሶው ብቻውን ይበቃኛል ትል ነበር።

የሮድስ አየር ማረፊያ «ዲያጎራስ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ464 ኦሎምፒያ ላይ በቡጢ ካሸነፈው የደሴቲቱ ልጅ ነው። እዚያ ሻንጣ መረከቢያው ላይ ቆመን ጠበቅን። የእኔ መጣ፣ የእሷ ቀረ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቅጽ ሞልታ ቁጥር ሰጠችን፤ «ነገ ይደርሳል» አለችን። ነገም አልደረሰ፣ ከነገ ወዲያም አልደረሰ። በደወልኩ ቁጥር ሻንጣው አንዴ ፍራንክፈርት ነው፣ አንዴ አቴና ነው ይሉኛል። እናቴን የከበዳት ያለ ነጠላ ለጸሎት መቆሙ ነበር። በመጀመሪያው ማለዳ ስነቃ ነጭ አንሶላ ከአልጋው ገፍፋ፣ ተከናንባው፣ በረንዳው ላይ ቆማ ውዳሴ ማርያም ስትደግም አየኋት። አንጀቴ ተላወሰ።

ሆቴሉ ውብ ነው። ኢክሲያ በሚባለው በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ነው ያለው፤ ወለሉ እብነ በረድ፣ አልጋው ሰፊ፣ ከባሕሩ ማዶ ደግሞ የቱርክ ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ቁልፍ ሲሰጡን ለየሌሊቱ 15 ዩሮ ለብቻው አስከፈሉን። መንግሥት ለተፈጥሮ አደጋ የሚሰበስበው ገንዘብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በበጋ ወራት ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ያረፈ ሁሉ ይህን ያህል ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሐምሌ ሮድስ ላይ የተነሣው ሰደድ እሳት ወደ 19,000 ሰው ከየሆቴሉና ከየቤቱ እንዳስወጣ የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍያ ማማረር የለበትም። ያስቸገረን ነፋሱ ነው። መልተሚ ይሉታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከሰሜን እየተነሣ የኤጅያንን ባሕር የሚያናውጥ ደረቅ ነፋስ ነው። ኢክሲያ ፊቷን ለእሱ ሰጥታ የተቀመጠች ናት፤ በሸራ ማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ከመላው አውሮፓ የሚመጡላትም ለዚህ ነው። ሰባ ዓመት ላለፋት እናት ግን ዳርቻው ጠጠር፣ ማዕበሉ ጉልበት የሚሰብር፣ ባንዲራው ቀይ ነበር። ክንዴን ይዛ እግሯን አስነካች፤ በመዳፏ ጥቂት ውሃ ጨልፋ ፊቷን አማተበችበት፤ ተመለስን።

ነፋሱን ቻልነው። ያልቻልነው ሰዓቱን ነው።

ሁሉ በአንድ ዋጋ የተከፈለበት ሆቴል ነው፤ እጅህ ላይ አንባር ያስሩልሃል፣ ከዚያ በኋላ ለበላኸው አትጠየቅም። ቁርስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ተኩል፣ ምሳ ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል፣ እራት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል በኋላ ነው። እናቴ በፍልሰታ እህል የምትቀምሰው ቅዳሴ ሲወጣ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት። በበጋ የሮድስና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ መሆኑን ስነግራት ደስ አላት። እሷ እዚህ ዘጠኝ ስትል በሰፈሯ ደብርም ቅዳሴው እየወጣ ነው፤ ጎረቤቶቿ ወደ ቤት እየተመለሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያንን ሰዓት ለማንም አታዛንፍም ነበር። እንግዲህ ገበታው ሲዘረጋ እናቴ ጾም ላይ ናት፤ እናቴ ስትፈታ ገበታው ተነሥቷል።

በመሐል ክፍት የሚሆነው መዋኛው ዳር ያለው ቡና ቤት ነው። ያለው አይብ የገባበት ቶስት፣ ሃምበርገር፣ አይስክሬም፣ ኬክ ነው። ድንች ጥብስ አገኘሁና አመጣሁላት፤ ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት እንደተጠበሰ ስትሰማ ሰሃኑን ገፋ አደረገችው። ሐብሐብ በላች። በማግስቱም ሐብሐብ በላች።

በሦስተኛው ላይ አልቻልኩም። ምሳ ሰዓት ገብቼ «ቪጋን» የሚል ምልክት ከተለጠፈበት ጥግ ሰሃን ሞላሁና ለዘጠኝ ሰዓት ላስቀምጥላት ወደ ክፍላችን ስወጣ በሩ ላይ አስተናጋጁ አስቆመኝ። ምግብ ከአዳራሹ አይወጣም። ስለ ጾሟ አስረዳሁት፤ ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው ምግብ ክፍል ድረስ እንደሚመጣ፣ ሒሳቡ ግን ለብቻው እንደሆነ ነገረኝ። ዝርዝሩን ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ሥጋ ያልነካው አይብ፣ አይብ ያልነካው እንቁላል ነክቶታል። ደንቡ የወጣበት ምክንያት ይገባኛል፤ በሙቀት ክፍል ውስጥ የከረመ ምግብ ሰው ያሳምማል። ዳሩ ግን ያ ሁሉ ምግብ በየቀኑ ስምንት ተኩል ላይ ተጠራርጎ ሲነሣ እያየሁ፣ እናቴ በራብ ጉንጯ ሲጎድል እያየሁ፣ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ድምፄ ከፍ አለ። እናቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ተዪው ልጄ፤ ጾም እኮ ነው» አለችኝ።

ይህን ሁሉ ሰላጣ ስትሞላ የነበረች አንዲት ወጥ ቤት ትሰማ ኖሯል። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ናት። ተከትላን ወጣችና በጀርመንኛ፣ «እናትሽ ለማርያም እየጾመች ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እኔም እየጾምኩ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሠራተኞች በር በኩል ይዘሻት ነይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የምትበላው ሠራተኞቹ በሚበሉበት፣ ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ ጨርቅ በተነጠፈበት ክፍል ሆነ። ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም፣ ፎሶሊያ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ ሎሚ የተጨመቀበት የዱር ቅጠል ይቀርብላት ነበር። ፋቫ የሚሉትን የቢጫ ክክ ድቁስ ስትቀምስ እናቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ «በርበሬ ብቻ ነው የጎደለው» አለች። በመጨረሻ ከሰሊጥ የተሠራ ሃልቫ መጣ።

ሁለቱ ሴቶች የሚነጋገሩት በእኔ አፍ ነው፤ ወሬያቸው ሁሉ ግን ጾም ነበር። ግሪኮቹ የሚጀምሩት በኦገስት 1 ነው፣ የሚፈቱት በ15። የእኛ ነሐሴ 1 በእነሱ ኦገስት 7 ላይ ይውላል፤ ፍቺው በ22። ወጥ ቤቷ በአዘቦት ቀን ዘይት እንኳ እንደማትቀምስ፣ ዘይትና ወይን የሚፈቀድላት ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንደሆነ ስነግራት፣ እናቴ «ዘይትም?» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወጥ ቤቷ በበኩሏ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ እንደማትጠጣ ስትሰማ ተሳለመቻት። አንድ ቀን ኦክቶፐስ አቀረበችልን፤ ደም እንደሌለው ይቆጠራልና በእነሱ ሥርዓት ይፈቀዳል። እናቴ ይቅርታ ጠይቃ መለሰችው።

ሆቴሉ ጀርባ ፊሌሪሞስ የሚባል ኮረብታ አለ፤ አናቱ ላይ ትልቅ መስቀል ቆሟል። ወጥ ቤቷ በመስኮት እያሳየች፣ እዚያ ገዳም ውስጥ ሉቃስ የሣላት የማርያም ሥዕል እንደነበረች ነገረችን። እናቴ ሉቃስ ሠዓሊ መሆኑን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ወዲያው ለመሳለም ተነሣች። ሥዕሏ ግን የለችም። የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች እ.ኤ.አ. በ1522 ለኦቶማን ቱርኮች እጅ ሰጥተው ደሴቲቱን ሲለቁ ይዘዋት ሄዱ። ከእነሱ ጋር ማልታ ገባች፤ ከማልታ ሩሲያ ተወሰደች፤ ስትንከራተት ኖራ ዛሬ ሞንቴኔግሮ፣ ጸቲኒየ ከተማ ቤተ መዘክር ውስጥ ናት። እናቴ ይህን ሰምታ፣ «ስደቷን እስከ ዛሬ አልጨረሰችማ» አለች።

ከተማውን ያየነው ነፋሱ በበረታበት ቀን ነው። አሮጌው ሮድስ በግንብ የታጠረ ነው፤ በፈረሰኞቹ ጎዳና ሽቅብ ሲወጡ የታላቁ መምህር ቤተ መንግሥት የሚባለው ይገኛል። ዋናው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1856 ባሩድ ፈንድቶ ፈርሶ ነበር፤ አሁን ያለውን ያሠሩት ጣልያኖች ናቸው። ሮድስን እ.ኤ.አ. በ1912 ይዘዋት ነበርና፣ የፋሺስቱ ገዥ ዴ ቬኪ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1940 ለንጉሣቸውና ለሙሶሊኒ ማረፊያ እንዲሆን አስገነባው። መግቢያው ላይ በእብነ በረድ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ጣልያንኛ አላውቅም፤ «ኢምፔራቶሬ ዴቲዮፒያ» የሚለውን ለማንበብ ግን ጣልያንኛ ማወቅ አያስፈልግም። ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌን የጣልያንና የአልባኒያ ንጉሥ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ይለዋል።

ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የእናቴ አባት ዱር ቤቴ ብሎ ሸዋ በረሃ የከረመ አርበኛ ነው። «መቼ ነው የጻፉት?» አለችኝ። በእኛ በ1932 አልኳት። «አባቴ ዱር እያለ?» አለች። አዎ። ድንጋዩን አሁንም አየችው፤ «ታዲያ ማንን ገዝቶ ነው ንጉሠ ነገሥት የተባለው?» አለች። በዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ገብተዋል። ድንጋዩ ይነሣ አልልም፤ በዚያ በር የሚገባ ጎብኚ ሁሉ ግን ያ ማዕረግ ሲቀረጽ የሸዋና የጎጃም በረሃ በማን እጅ እንደነበረ እንዲያውቅ አጥብቄ እመኛለሁ።

በዚያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነገሩን ለወጥ ቤቷ ተረኩላት። ድንጋዩን ታውቀዋለች፤ ስማችን እዚያ መኖሩን ግን ልብ ብላ አታውቅም። አያቷ ተማሪ ሳለች ዴ ቬኪ ጣልያንኛን በየትምህርት ቤቱ ግዴታ አድርጎ ግሪክኛውን ሲያስወጣ፣ ቄሱ ልጆቹን ማታ ማታ በስውር ፊደል ያስቆጥሯቸው እንደነበር ነገረችን። እናቴ ይህን ስተረጉምላት ወንበሯን ወደ ሴትዮዋ አስጠጋች።

የእነሱ በዓል ዋዜማ፣ ኦገስት 14 ማታ፣ ወጥ ቤቷ በመኪናዋ ክሬማስቲ ወሰደችን። ክሬማስቲ አየር ማረፊያው አጠገብ ያለች መንደር ናት፤ የማርያም በዓሏ በደሴቲቱ ከታወቁት አንዱ ነው። ለእናቴ ከቤቷ ነጭ የበፍታ ጨርቅ አምጥታላታለች። እናቴ እንደ ነጠላ መስቀለኛ ለበሰችው። ደጁ ላይ ጫማዋን አወለቀች፤ ግሪኮቹ አያወልቁም፤ አንዲት አሮጊት ግን አይታ የራሷን አወለቀችና አጠገቧ ቆመች። ቤተ ክርስቲያኖቻችን ከኬልቄዶን ጉባኤ፣ ከ451 ወዲህ በቁርባን ተለያይተዋል፤ እናቴም ይህን ስለምታውቅ ወደ ኋላ ቆማ ነው የጸለየችው። በመጨረሻ ካህኑ አምስት ኅብስት ባርከው ሲያድሉ ግን እጇን ዘረጋች፤ ጠበል ጻዲቅ ነው አለችኝ። በመሐረብ ቋጥራ ለማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት አስቀመጠችው።

በማግስቱ ግሪኮቹ ፈቱ። ቀኑ ዓርብ ስለነበረ የተፈቀደላቸው ዓሣ ብቻ ነው፤ ከወጥ ቤቱ የዓሣ ሽታ ይመጣል። የእናቴ ጾም ገና አንድ ሳምንት ይቀረው ነበር። ወጥ ቤቷ የዚያን ቀን ዕረፍቷ ነው፤ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ባቄላው ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ በግሪክኛ የተጻፈ ወረቀት አለ። አንዱን አሳላፊ ጠየቅኩት፤ «የኢትዮጵያዊቷ እናት፤ ማንም እንዳይነካው» ይላል አለኝ። እስከምንሄድ ድረስ አንድም ቀን አልተቋረጠም።

ለሆቴሉ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ስለ ነፋሱም ስለ ሻንጣውም አላነሣሁም። በኦገስት የደሴቲቱ ሰው፣ የራሳቸው ወጥ ቤቶች ጭምር፣ ጾመው የሚውሉበት አገር ላይ ለጾመኛ እንግዳ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠረጴዛ ክፍት ማድረግ ምን ያህል ያስቸግራል? ምግቡ አለ። የሚያበስለው ሰው አለ። የቀረው ሰዓቱን ማወቅ ነው። አንባር ከማሰር በፊት እንግዳን መቼ ትበላለህ ብሎ መጠየቅ እናቴ ቤት የአስተናጋጅ የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ከአምስቱ ኮከብ አንዱ ለዚህ መሰጠት ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ሻንጣው ፍራንክፈርት ከተመለስን በኋላ ደጃችን ድረስ መጣ። እናቴ ሽሮውንና በርበሬውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን በፖስታ ወደ ሮድስ አስላከችኝ። ከዚያ፣ «የገና ጾማቸውስ መቼ ይገባል?» አለችኝ። ኅዳር 15 አልኳት። «እንደኛው!» ብላ ደስ አላት። የእነሱ 15 ለእኛ ኅዳር 6 መሆኑን ስነግራት ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አስወረደችኝና ሁለቱንም ቀን አስከበበችኝ፤ በፊተኛው እናቴ እንኳን አደረሰሽ ልትላት፣ በኋለኛው ደግሞ ሴትዮዋ እንድትደውልላት።