የወፍ አራስ ጥየቃ

በአገራችን ካሜራ የተሸከመ ሰው ሥራው የታወቀ ነው። ወይ ሠርግ ያነሳል፣ ወይ ምርቃት ያነሳል፣ ወይ ጋዜጠኛ ነው። ከሦስቱም ካልሆነ ሰላይ ነው። ለወፍ አንሺ የተመደበ ዘርፍ ስለሌለ እኔ እንደየሰፈሩ አራቱንም ሆኛለሁ። ጉዳዩን በቁም ነገር የያዘችው አክስቴ ብቻ ናት። «እና ወፎቹ ስንት ይከፍሉሃል?» አለችኝ። ሰባራ ሳንቲም እንደማይከፍሉኝ ስነግራት ትክ ብላ አየችኝና «ታዲያ ቤታቸው ድረስ ምን አስኬደህ?» አለች።

ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። ሽቦ ላይ ያረፈች ወፍ ማንንም አትጠብቅም፤ ብትደነግጥ ትበራለች፣ አለቀ። ጎጆ ሠርታ ዕንቁላል የታቀፈች ወፍ ግን አራስ ናት። አራስ ቤት ደግሞ ወግ አለው። ከፀሐይ የመጣ ሰው ደጅ አረፍ ብሎ፣ ላቡን አድርቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚገባው። ሕፃኑን ግለጡልኝ አይባልም፤ ዐይን አለ። ገንፎው ተቀምሶ፣ ተመርቆ፣ ቶሎ ይወጣል። ወፎች ተሰብስበው በሚፈለፍሉበት ቦታ እንግዲህ በአንድ ግቢ መቶ አራስ ተኝታለች ማለት ነው። አንዷን ያስበረገገ ጠያቂ መቶውንም ያስነሣል። ፎቶግራፍ አንሺ ሲባል ደግሞ ገንፎ የማይቀምስ፣ የማይመርቅ፣ ውጣ ካልተባለ የማይወጣ፣ ሕፃኑን ለመግለጥ ብቻ የመጣ ጠያቂ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ባሕር ዳርን ነው። ክረምት ሲገባ ጣና ዳር አንዳንዱ ዛፍ ቅጠሉ ያልቅና ጎጆ ብቻ ያፈራ ይመስላል። የቢጫዎቹ ሸማኔ ወፎች ሥራ ነው። ግንበኛው ወንዱ ነው። ሣርና የዘንባባ ቅጠል በመንቆሩ እየሰነጠቀ ያመጣል፤ መጀመሪያ ቀለበት ይቋጥራል፤ ቀለበቱ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ይሸምናል፤ በሩን ወደ ታች ያደርጋል። ሲጨርስ ከበሩ ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይንጫጫል። ሴቷ ትመጣለች። ትገባለች፣ ግድግዳውን ሳብ ሳብ አድርጋ ትፈትሻለች፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ ምንም ሳትል ውልቅ ትላለች። ከወደደችው ውስጡን በለስላሳ ነገር የምታነጥፈው እሷ ናት። ጎጆው አረንጓዴነቱን አጥቶ እስኪጠወልግ ድረስ ወዳጅ ካላገኘ ወንዱ በገዛ መንቆሩ ያፈርሰውና ሌላ ይጀምራል። አብሮኝ የሄደው የሒሳብ መምህር ጓደኛዬ እስካሁን አላገባም። ይህን ሲመለከት ቆየና «ይሄንንማ አዲስ አበባ በነፃ አየው የለም እንዴ» ብሎ ቡና ሊጠጣ ሄደ። ቤቱ የተወደደለት ወንድ በየጎጆው ብዙ ሚስት እንደሚያኖር አልነገርኩትም።

ከሙያ አንፃር ይህ ወፍ አስቸጋሪ ነው። የክረምት ሰማይ ነጭ፣ ወፉ ቢጫ፣ ፊቱ ጥቁር። ካሜራ ሦስቱን ማስታረቅ ያቅተዋል። ለሰማዩ ካደላችሁ ወፉ ይጨልማል፤ ለወፉ ካደላችሁ ሰማዩ ይጠፋል። እኔ ሁልጊዜ ለወፉ ነው የማደላው፤ ሰማይ ሌላ ቀንም አለ።

ከብርሃኑ የባሰው ግን ደግ ሰው ነው። በአንድ የሐይቅ ዳር ግቢ አንገቴን አቅንቼ ስጠባበቅ ያየኝ አስተናጋጅ አዘነልኝና «ጋሼ፣ ዛፉን ልነቅንቅልዎት? ሁሉም ይወጣሉ» አለኝ። አይሆንም ስለው ጥቂት አሰበና «እንግዲያው ይቺን የጋረደችዎትን ቅርንጫፍ ላስቆርጣት» አለ። ልጁ አይፈረድበትም። ይህን የሚያደርጉ ስመ ጥር ባለካሜራዎች በየአገሩ አሉ። ጎጆው ጥርት ብሎ እንዲታይ ዙሪያውን መመንጠር፣ ቅጠሉን በገመድ አስሮ ወደ ጎን መሳብ የቆየ ልማድ ነው። ለእኛ መጋረጃ የሆነው ቅጠል ለጫጩቷ ጥላዋና መደበቂያዋ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ነገር ግን ጎጆዋን እኛ ብቻ ሳንሆን ጭልፊቱም ጥርት አድርጎ ያየዋል።

የወፍ ጎጆ ማንሳትን የጀመሩት ሰዎችም ቢሆኑ ጤናቸው ያጠራጥራል። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1892 ጎጆን ከነዕንቁላሉ በፎቶ አነሱ። በዚህ ሳይረኩ ወፎቹ እንዳይሸሹ ብለው የእውነተኛ በሬ ቆዳ ወጠሩ፤ ሆዱን ባዶ አድርገው እዚያ ውስጥ ከነካሜራቸው ገቡና በቀዳዳ ማንሳት ያዙ። በሬው አንድ ጊዜ ከነሰውየው ተንጋልሎ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቀርቷል። ሌላው እንግሊዛዊ ኤሪክ ሆስኪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ጉጉት ጎጆ አጠገብ ሲደርስ ጉጉቷ በጥፍሯ ግራ ዐይኑን አጠፋችው። ሰውየው በቀረችው ዐይኑ ዕድሜውን ሙሉ ወፍ ሲያነሳ ኖረ፤ የሕይወት ታሪኩንም «ዐይን ለወፍ» ብሎ ሰየመው። ካሳ አልጠየቀም። ከጉጉቷ ወገን ሆኖ ላየው የሚጠይቀው ካሳም የለም፤ አራስ ቤት በሌሊት የገባው እሱ ነው።

እኔ በሬ የመግዛት አቅም ስለሌለኝ ድንኳን ተከልኩ። ሰው ያልለመዱ ወፎች ጎጆ የሠሩበት ግራር ከአንድ መንደር ጥግ አግኝቼ ነበር። የድንኳን ዘዴው ቀላል ነው። ሁለት ሰው ይገባል፣ አንዱ ወጥቶ ይሄዳል፣ ወፎቹ «ሄደ» ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ሲገባና ሲወጣ አይቆጥሩም። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ በሥራ ዘመኑ ሁሉ መደመርና መቀነስ የማይችል ሲያጋጥመው የጠቀመው ይህ የመጀመሪያው ነበር። አብሮኝ ገባ፣ ወጣ፣ ወፎቹ ተመለሱ፣ እኔም ሌንሴን አወጣሁ።

ያላሰብነው ወፎቹን ሳይሆን መንደሩን ነበር። በአገራችን ድንኳን ከተተከለ ወይ ተድሯል ወይ ሞቷል። ዘፈን ስላልተሰማ መንደሩ የመጀመሪያውን ጣለና ሁለተኛውን ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናቶች በሜዳው ላይ ቀስ እያሉ ሲመጡ በሌንሱ አየኋቸው። ጓደኛዬ ከሩቅ ሮጦ ሊያስረዳ ቢሞክርም፣ ያዘነ ሰው ሲሮጥ ይበልጥ ያስለቅሳል። ከመጡት አንዷ እማማ ድንኳኑን ገለጥ አድርገው ብቻዬን ተቀምጬ አገኙኝ። «ልጄ፣ ማን ነው ያረፈው?» አሉኝ። ማንም እንዳልሞተ፣ ወፍ እያነሳሁ መሆኑን ነገርኳቸው። ዛፉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የታጠፈውን ወንበሬን አዩ። «ታዲያ ሰው አጠገብህ የለም እንዴ?» አሉና ለቅሶ የመጡበትን እንባ ለእኔ አወረዱልኝ። «ለቤተሰቦችህ መጽናናቱን ይስጣቸው» ብለውኝ ሄዱ። ወፎቹ በዚያን ቀን ዳግመኛ አልተመለሱም፤ ያን ያህል ሰው ሲገባና ሲወጣ መቁጠር የማይችል ፍጡርም ይሰለቸዋል።

ከዚህ ሁሉ አልፎ ሻላ ሐይቅ የሚሄድ ሰው ይገርመኛል። በሐይቁ ውስጥ ባሉት ደሴቶች ላይ ታላላቅ ነጭ ፔሊካኖች ይፈለፍላሉ። ተመራማሪዎቹ ሌዝሊ ብራውን እና ኤሚል አርባን እዚያ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመውታል። ብራውን ማለት ከዚያ በፊት የፍላሚንጎ ጎጆ ፍለጋ ታንዛኒያ ናትሮን ሐይቅ ጭቃ ውስጥ በእግሩ ገብቶ፣ ሶዳው እግሩን አቃጥሎት ሆስፒታል የተኛው ሰው ነው፤ ተሽሎት ወደ ሌላ የሶዳ ሐይቅ መጣ። ሻላ ዓሣ የለውም ቢባል ያስደፍራል። ፔሊካኗ የምትወልድበት ግን ውኃው ዙሪያዋን ስለከበበላት፣ ጅብና ቀበሮ ስለማይደርስባት ነው። ቀለብ ድሮ ከጎረቤቱ ከአብያታ ታመጣ ነበር። አብያታ ውኃው እየሸሸ፣ ጨውነቱ እየባሰ፣ ዓሣው ሲጠፋበት መንገዷ ረዘመ። ልጅ ሻላ፣ ጓዳ ዝዋይ ሆነባት። ሞቃት አየር ከመሬት እስኪነሣላት ጠብቃ፣ ዞር ዞር እያለች ከፍ ብላ ትሄዳለች፤ ዓሣውን ይዛ ተመልሳ ጫጩቷን ጉሮሮዋ ውስጥ አንገቱን አስገብታ ታበላለች።

እንዲህ የምትለፋ እናት ዘንድ ጀልባ ሲጠጋ ምን እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ትልልቆቹ ተነሥተው ይበራሉ። ላባ ያላበቀለው ጫጩት በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ራቁቱን ይቀራል፤ ዕንቁላሉን ከላይ የሚጠብቅ አሞራ አለ። አሁን ደግሞ ጀልባውም ቀርቶ ድሮን መጥቷል። ድሮን ማለት ደጅ አረፍ ሳይል፣ ላቡን ሳያደርቅ፣ በጣሪያ የሚገባ ጠያቂ ነው። እኔ ሻላን ከዳር ሆኜ ነው የማነሳው። ረጅሙን ሌንሴን ገጥሜም ፔሊካኖቹ ነጭ ነጥብ ናቸው። ፎቶውን አሳጥቤ ለአክስቴ ባሳያት «አቧራ ነካው» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችው። ለእኔ ከፎቶዎቼ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ አንድም ወፍ አልተነሣችበትም።

እናንተም ክረምት ላይ ካሜራ ይዛችሁ ሐይቅ ዳር ከወጣችሁ ሰው የለመዱትን፣ በየግቢው ዛፍ ያሉትን አንሱ። ቅርንጫፍ አታስቆርጡ፣ ፍላሽ አታብሩ። ወፏ ምግብ በአፏ ይዛ ጎጆ ሳትገባ ከቆመች የምትጠብቀው የእናንተን መሄድ ነውና ሂዱላት። ድንኳን መትከል ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ ለመንደሩ ዕድር ተናገሩ።