ቦቲህ እንዳታልቅብህ

ወዳጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። ቦቲ ተሰጠህ። በይፋት ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ መስኖ ላይ እየሠሩ ለእግር የሚያስብ መሥሪያ ቤት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ቦቲዋ ግን ቀላል ናት፤ በአንድ ጣት ትነሣለች። እንዲህ ያለች ዕቃ እንክብካቤ ትሻለች። የተሰጠችህ ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ መሆኑንም በበጎ እየው። በጥሩ አየር ትለማመዳታለህ። አይዞህ፣ አንድ በአንድ እናየዋለን።

አንደኛ፦ አትጫማት።

ይህ ምክር የእኔ አይደለም፣ የአገሩ ነው። እሑድ ከሰንበቴ ገበያ የሚመለሰውን ሰው ተመልከት። ወንዝ ዳር ሲደርስ ቁጭ ይላል። የጫማውን ክር ይፈታል። ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ሱሪውን ይሰበስባል፤ ጥልቀቱን በዱላው እየለካ፣ ድንጋዩን በባዶ እግሩ እየዳበሰ ይሻገራል። ማዶ ሲደርስ እግሩን በሣር ይጠርጋል፣ ጫማውን ያጠልቃል፣ ከዚያ ደልዳላው አስፋልት ላይ ይራመዳል።

እሱ ያወቀውን አንተም እወቅ። ጫማን የሚጨርሱት ሦስት ናቸው፦ ውሃ፣ ፀሐይና እግር። ውሃንና ፀሐይን መከልከል አትችልም። እግርን ግን ትችላለህ። ደግሞም እግር ቢቆረጥ ይሽራል፤ ቦቲ ብትቀደድ አትሽርም። እግር በነፃ የተገኘ ነው፤ ቦቲ በበጀት።

ሁለተኛ፦ ልክህን እወቅ።

ቁጥሬ 40 ነው ትላለህ። መልካም። ቦቲዋ 43 ናት። በዚህ አትዘን። ግዢው ሲፈጸም ኮሚቴው ውስጥ እግር አልነበረም። ሕጉ እንደሚያዘው ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል። ሦስቱም በአንድ እስክሪብቶ መጻፋቸው አይገርምህ፤ ነጋዴዎቹ ይዋደዳሉ። ናሙናው የታየው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የማትሆን ቦቲ ደግሞ የለችም። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ። እሱ ጋ የነበረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ለቆጠራም የሚመቸው እንዲህ ሲሆን ነው። ንብረት ክፍል «ቦቲ፣ ፕላስቲክ፣ 43» ብሎ በአንድ መስመር ይጨርሳል። የሁላችሁም እግር እንደየመልኩ ቢጻፍ ኖሮ ስንት መስመር እንደሚፈጅ አስበው።

አሁን ወደ መፍትሔው እንምጣ። ቦቲዋን ጠዋት አትሞክር። ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የቆላ ሙቀት እግርን ያሳብጣል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እግርህ ወደ 41 ይጠጋል። የቀረህ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። አንዱን በወፍራም ካልሲ ሙላው። ሌላውን በጋዜጣ ጠቅጥቀው። በኵር ጥሩ ነው፤ የጨረታ ገጹን ምረጥ፣ እሱ አያልቅም።

ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ስትገባ አንድ ነገር ይገጥምሃል። ውሃ የጠገበው ጥቁር ጭቃ ቦቲዋን ጥርቅም አድርጎ ይይዛታል። እግርህ ይወጣል፣ እሷ ትቀራለች። ተረጋጋ። በአንድ እግር ቆመህ አትንገዳገድ። ባዶ እግርህን ጭቃው ላይ አሳርፍ፤ ዞር በል፤ በሁለት እጅህ ተረከዟን ይዘህ ወዝወዝ እያደረግህ ንቀላት። ጋዜጣው ውስጥ ቢቀር ተወው። ሁለተኛዋም ከተያዘች ሁለቱንም ብብትህ ሥር አድርገህ ሥራህን ቀጥል። ሳታውቀው አንደኛውን ምክር ፈጽመሃል።

ይከፋኛል ካልህ የአገርህን ልጅ አበበ ቢቂላን አስብ። ደብረ ብርሃን አቅራቢያ፣ ጃቶ ነው የተወለደው። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ አልመች ብሎት በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ አመጣ። ይህን በየስብሰባው ይነግሩሃል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በልኩ ጫማ አድርጎ፣ ካልሲም ጨምሮ፣ የሮሙን ሰዓት አሻሽሎ ማሸነፉን ግን የሚያነሣ አይገጥምህም። አንተም አታንሣው።

ሦስተኛ፦ ውሃ ሲገባባት አትደናገጥ።

ቦቲዋ አጭር ናት፤ ቦዩ ጥልቅ ነው። በአፏ ይሞላባታል። በውጭ አገር ወንዝ ውስጥ ቆመው ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ለዚህ ብልሃት አላቸው። ጫማቸው ቀላል ነው፤ የገባው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ሆን ተብሎ ከጎኑ ይሠራለታል። ከዚያ ጫማ ጋር፣ ከእግር ጣት እስከ ደረት የሚደርስ፣ ጠብታ ውሃ የማያስገባ ሱሪ ያደርጋሉ። አንተ ሱሪውን ተወው፣ ውድ ነው። ቀዳዳውን ውሰድ። ምስማር በከሰል አግል፤ ከቁርጭምጭሚቱ ዝቅ ብለህ ብሳት። ውሃው እንደ ልቡ ይወጣል። እንደ ልቡም ይገባል።

ስለ እነዚያ ሰዎች ካነሣን አይቀር፣ ኒውዚላንድ በ2008 እ.ኤ.አ. ሶሉ የሱፍ ንጣፍ የሆነ የዓሣ አጥማጅ ጫማ ከልክላለች። ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው አልጌ ያዛምታል ብላ ነው። እዚያ ጫማው ውሃውን እንዳይጎዳ ይሰጋሉ። አንተ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባህ።

ዝግ ብሎ የሚሄድ የመስኖ ውሃ ለቀንድ አውጣ ይመቻል። በአንዳንዱ ቀንድ አውጣ ውስጥ የቢልሃርዚያ ትል ያድጋል፤ ከዚያ ወጥቶ በሰው ቆዳ ዘልቆ ለመግባት ደቂቃዎች ይበቁታል። በቀዳዳው የገባው ውሃ ቦቲህ ውስጥ ሞቅ ብሎ፣ እግርህን አቅፎ ይውላል። ቦዩን ለቅቀህ ብትወጣ እንኳ ቦዩ አብሮህ ይወጣል። አትፍራ። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ ትሉን ይገድላል። እንደገና መያዝን ስለማይከለክል ዋጥ አድርገህ ወደ ቦይህ ተመለስ።

በነገራችን ላይ በዚህ ጉዳይ አገራችን ከማንም አታንስም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። ስለዚህ እንዶድ ፈልግ። ውቀጥ። ካልሲህን እጠብበት፤ ጥሩ ያነጣል።

አራተኛ፦ አስጠግናት።

ስትቀደድ ወደ ጫማ ሰፊው ውሰዳት። ከሌላ የሞተ ቦቲ ቁራጭ ያወጣል። ጠፍጣፋ ብረት ከሰል ላይ ያግላል። ብረቱን በቁራጩና በስንጥቁ መካከል አስገብቶ ሁለቱንም ያቀልጣል፤ ብረቱን ሳብ፣ በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። ጥገናው ከቦቲዋ ይጠነክራል። በሚቀጥለው ሳምንት ከጥገናው ጎን ትቀደዳለች። መልሰህ ውሰዳት። በዚህ ሁኔታ ከቆየህ አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ በጥገና የተሠራች ጠንካራ ቦቲ ይኖርሃል።

ጫማ ሰፊው በረባሶ ልሥራልህ ካለህ ግን በትሕትና እምቢ በል። እግርህን የመኪና ጎማ ላይ አሳርፎ ልክህን ይወስዳል፤ በቢላ ይቆርጣል፤ ማንገቻውን ከከመነዳሪ ያወጣል። ውሃ አይቋጥርም፣ ዓመታት ይቆያል፣ ልክህም ይሆናል። ጉዳቱም ይኸው ነው። በልኩ የተሠራ ጫማ የለመደ ሰው ለተሰጠው ጫማ ምስጋና ይጎድለዋል።

አምስተኛ፦ አትጣላት።

አዲስ ቦቲ የሚሰጥህ አሮጌዋን ስትመልስ ነው። ሞዴል 22 ላይ ፈርመህ ወስደሃታል፤ በሞዴል 19 ተመላሽ ካልሆነች ከስምህ አትወርድም። ሐምሌ ላይ የሮቢ ወንዝ በደራሽ ሞልቶ ከእግርህ ቢነጥቅህ «ውሃ ወሰዳት» ብለህ አትጻፍ። ውሃ ፈርሞ አያውቅም።

ይልቅስ ተከተላት። ሮቢ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ እንደ ዓባይ ባሕር የሚገባ ወንዝ አይደለም፤ አፋርን አቋርጦ ጂቡቲ ወሰን ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ስለዚህ የመንግሥት ንብረት አልጠፋም፣ በመንገድ ላይ ነው። ስንቅ ያዝ። ተንዳሆ ግድብ ላይ ጠይቅ። እዚያ ካልተያዘች በአሳይታ በኩል ወደ ሐይቁ ውረድ። ውሃው ጨዋማ ነው፤ ቦቲዋን አያገማትም። የሐይቁ ወዲያኛው ዳር የሌላ አገር ነውና ማዶ ከታየችህ አትሻገር፤ መጀመሪያ ለቅርብ ኃላፊህ የውጭ ጉዞ ፈቃድ በሦስት ቅጂ አመልክት።

የግራዋ ብቻ ከተገኘች አትመለስ። ሞዴሉ የሚለው «ጥንድ» ነው።